ሳል ይዞ ስርቆት

የአባቴን ሳል የሰረቀኝ ሰው ሬልያ ይባላል። «ሳል ደግሞ እንዴት ይሰረቃል?» እንዳትሉኝ፤ ከሥሩ ጀምሬ እነግራችኋለሁ።

እኔ ሴንካ እባላለሁ። ክራጉዬቫጽ ከተማ ውስጥ መኪና ቀቢ ነኝ። አሥራ ሰባት ዓመት ሙሉ ስቱኮ ስለጥፍ፣ ላሜራ በብርጭቆ ወረቀት ስፈገፍግ፣ ጭምብል አጥልቄ ቀለም ስረጭ ኖሬአለሁ። የአንድ መኪና ቀለም ፋብሪካ የተቀባ ይሁን ጓሮ፣ አሥር እርምጃ ርቄ ቆሜ እናገራለሁ። መጀመሪያ ወንዶቹ ይስቁብኝ ነበር። አሁን ግን ሚስቶቻቸው ሳይሰሙ የቧጨሩትን መኪና እየገፉ የሚያመጡት ለእኔ ነው።

ከሥራ መልስ ደግሞ ሌላ ሥራ አለኝ። ኮምፒውተር ላይ የመኪና ጨዋታ እጫወታለሁ። እጫወታለሁ ስል እንኳ ዋሸሁ፤ የምጫወተው ጥቂት ነው፣ የምሠራው ብዙ ነው። ጨዋታው ውስጥ የሌለች መኪና እመርጥና ከኮፈኗ እስከ ቸርኬዋ ለክቼ፣ ቅርጿን አውጥቼ፣ ቀለሟን ቀብቼ፣ ድምፅዋን ቀርጬ አስገባታለሁ። ፀሐዩንና ዝናቡንም እንደገና እሠራዋለሁ። ጨዋታውን የሠሩት ሰዎች በሕይወታቸው እርጥብ አስፋልት ላይ የመብራት ነጸብራቅ አይተው የሚያውቁ አይመስለኝም። ይኼ ሥራ ሞድ ይባላል። ሠርተን በነፃ እንለቀዋለን፣ የፈለገ ሁሉ ያወርደዋል። አንድ የማላውቀው ግሪካዊ ወይ ፖላንዳዊ «እጅሽ ይባረክ» ብሎ ሲጽፍልኝ ሳምንቱን ሙሉ ደስ ብሎኝ እውላለሁ።

አባቴ ሚሎዬ ሠላሳ አንድ ዓመት ከተማችን ውስጥ ባለው የመኪና ፋብሪካ በር ሲገጥም የኖረ ሰው ነበር። የራሱ መኪናም እዚያው የተሠራች ስቶያዲን ነበረች። የወረቀት ስሟ ቁጥር ነው፤ ስቶያዲን ያልናት እኛ ነን። የግራ የኋላ በሯ ላይ ስርጉድ ያለች ምልክት ነበረቻት። በሰባት ዓመቴ በብስክሌት ገጭቻት የቀረች ናት። ቀቢ ከሆንኩ በኋላ ላስተካክላት ብለው ከለከለኝ።

«ተያት፣ ፊርማሽ ናት» ይለኝ ነበር።

ሳንባው ታሞ ከቤት መውጣት ሲያቅተው፣ መኪናዋን ጨዋታ ውስጥ ላስገባለት ተነሣሁ። ሦስት ዓመት ፈጀብኝ። አጠገቤ ወንበር ላይ ይቀመጥና የኦክስጅኑን ቱቦ አፍንጫው ላይ እንዳደረገ ያርመኛል።

«የበሩ እጀታ ውሸት ነው።»

«አባዬ፣ በሚሊሜትር ነው እኮ የለካሁት!»

«ልኩ ልክ ነው። እኔ የምልሽ ድምፁን ነው። ያንቺው ‹ቀጭ› ይላል። የእኛ በር ‹ቸክ› ነው የሚለው። ስንት ሺህ በር ገጥሜ ዛሬ በር ልታስተምሪኝ ነው?»

የሞተሩን ድምፅ የቀረጽነው በጥቅምት አንድ ቀን ረፋድ ላይ ነው። አንድ ማይክራፎን ማርሚታው ጋ፣ አንድ ኮፈኑ ሥር፣ አንድ መቀመጫው መሀል አሰርኩ። አባቴን ደግፌ አወረድኩትና መሪው ፊት አስቀመጥኩት። ቁልፉን ጨብጦ፣ ከማዞሩ በፊት ሳለ። ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም። ከዚያ ሞተሪኖው ጮኸ፣ ሞተሩ ተነሣ። ድምፁን ሳስተካክል ሳሉን ቆርጬ ላወጣው ነበር፤ አንጀቴ አልቻለም። ጨዋታው ውስጥ መኪናዋን ስታስነሡ መጀመሪያ የምትሰሙት እሱን ነው። በጥር ወር መጨረሻ ሞተብኝ።

ሬልያን የተዋወቅሁት ሞድ ሠሪዎች በሚገናኙበት የኢንተርኔት መድረክ ላይ ነው። የሚኖረው ኖቪ ሳድ የሚባል ሌላ ከተማ ነው፤ በአካል ተያይተን አናውቅም። ግን አምስት ዓመት ሙሉ ከሥራ ስገባ የማወራው ሰው እሱ ነበር። የሠራሁትን እልክለታለሁ፣ ሞክሮ የጎደለውን ይነግረኛል። አፉ ማር ነው። «እህቴ፣ አንቺ እኮ የተለየሽ ፍጥረት ነሽ» ይለኛል። የአባቴንም መኪና ልኬለት ነበር፤ ለማለቅ ጥቂት ነበር የቀራት። አባቴ ያረፈ ቀን ደውሎልኝ አለቀሰ። ይኼን ልብ በሉልኝ፤ አለቀሰ።

ከቀብሩ በኋላ ኮምፒውተሩን መንካት አስጠላኝ፤ አንድ ወር ያህል ክዳኑን አልከፈትኩም። አንድ ቀን ምሳ ሰዓት ላይ ሥራ ቤት ተቀምጠን ቡሬክ የሚባለውን ሥጋ የተሞላ ቂጣ ስንበላ፣ ላሜራ የሚቀጠቅጥልን ቪቶሚር ስልኩ ላይ አንድ ልጅ ጨዋታ ሲጫወት የሚያሳይ ቪዲዮ ከፍቶ ወደ እኔ አዞረ።

«ሴንካ፣ ይቺ የአባትሽ ስቶያዲን አይደለችም እንዴ?»

ስርጉዷን አየኋት። በግራ፣ የኋላ በር ላይ። ሳልናገር ቪዲዮው ውስጥ ያለው ልጅ የማስነሻውን ቁልፍ ተጫነ፤ አባቴም ሥራ ቤቱ መሀል ሳለ። ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም። ስልኩን ከቪቶሚር እጅ ነጠቅኩት።

ከሥሩ «ሠሪ፦ ሬልያ» ይላል። ማብራሪያም ጽፏል። «ይህች የአያቴ መኪና ናት። መጀመሪያ ላይ የምትሰሙት ሳል የእሳቸው ነው። ነፍሳቸውን ይማር።» ሺህ ሰው ከሥሩ ያለቅስለታል። «ወንድሜ፣ አያቴን አስታወስከኝ» ይላል አንዱ። «እንዲህ ያለ የልጅ ልጅ ይስጠን» ይላል ሌላው።

እጄን እንኳ ሳልታጠብ ደወልኩለት።

«ሴንካዬ! ምነው ጠፋሽ?»

«ምንድን ነው ያደረግከው?»

«ምኑን?»

«የአባቴን መኪና።»

«እህቴ፣ እኔም እኮ ለፍቼባታለሁ። ስህተቷን ሁሉ ያወጣሁት እኔ ነኝ። አንቺ ደግሞ ጥለሻት ነበር። እዚያ ከምትበሰብስ ሰው ይያት ብዬ ነው።»

«ሳሉንስ? ሳሉንም አንተ ነህ የሳልከው?»

«ሰው ታሪክ ይወዳል፣ ሴንካ። ታሪክ የሌላት መኪና ቆርቆሮ ናት።»

«ዛሬውኑ ስሜን አስገባ።»

«አሁንማ ምን ብዬ? ሰው ምን ይለኛል?» ከዚያ ማሩ ከድምፁ ላይ ጠፋ። «ስሚ፣ አንቺ ጎበዝ ቀቢ ነሽ። ቅቢ። ይኼን ለሚችሉት ተዪ። ማስረጃ አለኝ ካልሽ ደግሞ አምጪ።»

ዘጋብኝ። በማግስቱ መድረኩ ላይ «መኪናዋ የእኔ ናት» ብዬ ብጽፍ፣ ወዳጆቹ እንደ ንብ ወረዱብኝ። «ቅናተኛ»፣ «ሟች የማታከብር»፣ «ሂጂና ድስት ቀቢ» አሉኝ።

እዚህ ላይ እውነቱን ልናገር። ማስረጃ ነበረኝ። ለሬልያ የላክሁት ድምፅ የተቆረጠው ነው። ያልተቆረጠው፣ አባቴ ከሳለ በኋላ በስሜ ጠርቶኝ የሚናገርበት፣ እኔ ጋ አለ። ደብዳቤ ጽፌ፣ ድምፁን አያይዤ፣ «ላክ» የሚለው ላይ ጣቴን አሳረፍኩ። ለመድረኩ ኃላፊዎች ብልከው ምን ይሆናል? መኪናዋን ያነሧታል። እሱ «አለመግባባት ነበር» ብሎ ሁለት መስመር ይጽፋል። በሳምንቱ ሁሉም ይረሳል። ደብዳቤውን አጠፋሁት። የፈለግሁት መኪናዬን አልነበረም። የፈለግሁት እሱን ነበር።

በዚያው ሳምንት የአባቴ አርባ ዋለ። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሻማ ይዤ ቆሜ፣ ቄሱ የአባቴን ስም ሲጠሩ እኔ የማስበው ስለ ሬልያ አንገት ነበር። ቂም ይዞ ጸሎት፣ ሳል ይዞ ስርቆት ይባላል። እኔ በቂሜ ጸሎቴን አጣሁ። እሱ ግን ሳል ይዞ እንደገባ ገና አላወቀም።

«ሻማው ጣትሽን እያቃጠለሽ ነው፣ አይሰማሽም?» አለኝ አንድ ሰው ከጎኔ።

ቺካ ስቬቶዛር ነበር። የአባት ወዳጅን ቺካ ነው የምንለው። ሰባ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ፋብሪካው ውስጥ አዲስ መኪና የሚፈተንበት ክፍል ኢንጂነር ነበር። አጭር፣ ከባርኔጣው የማይለይ፣ ሲያሾፍ ቅንድቡ ብቻ የሚንቀሳቀስ ሰው ነው። ውጭ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጠን የተቀቀለውን የተዝካር ስንዴ እየበላን ሁሉንም ነገርኩት።

«ልጁ መኪና ያውቃል?» አለኝ።

«መንጃ ፈቃድ እንኳ የለውም።»

«ታዲያ ምን ያበሳጭሻል? መኪና ለማያውቅ ሌባ መኪና እንሥራለታ!»

እንደዚያ ተጀመረ። ቅዳሜ ቅዳሜ የእሱ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ተቀምጠን በዓለም ላይ ኖራ የማታውቅ መኪና ፈጠርን። ስሟን ሼቫ አልናት፣ ያቺ በማለዳ የምትዘምር ወፍ። ሁለት በር፣ ዝቅ ያለች፣ አፍንጫዋ የሾለ፣ በሰባ ሦስት ዓመተ ምሕረት አንዲት ብቻ ተሠርታ ወዲያው የተሰባበረች። ቺካ ስቬቶዛር ከሳጥኑ ያረጀ ወረቀት አውጥቶ በእርሳስ ነደፋት፤ ወረቀቱን ሻይ አፈሰሰበትና ምድጃ አጠገብ አደረቀው። ጥግ ላይ «የፍተሻ ኃላፊ፣ ኢንጂነር ስቬቶዛር» ብሎ ፈረመ።

«ስምዎን ለምን ያስገባሉ?» አልኩት።

«ውሸት ያለ አንድ እውነት አይቆምም፣ ልጄ። ሻሲ ያስፈልገዋል።»

እኔ በተራዬ ኮምፒውተር ላይ ሠራኋት። እውነቱን ለመናገር በሕይወቴ እንደ ሼቫ ያለ ቀለም ቀብቼ አላውቅም። ጭስ የመሰለ ሰማያዊ፣ ፀሐይ ሲያርፍበት ከሥሩ ብር የሚያወጣ። በጥላቻ የሠራኋት መኪና ከሁሉም አማረችብኝ። አንድ ነገር ግን ሆን ብለን አበላሸን። ነዳጅ የሚጠራቀምበትን ሰርባቶዮ የጋለው ማርሚታ ላይ አስተኛነው፣ በመሀላቸው ሁለት ጣት ሳይቀር። ማንም መካኒክ ሥሯ ገብቶ ቢያያት ፀጉሩ ይቆማል። ሬልያ ግን መኪና የሚያየው ከላይ ብቻ ነው።

በሰኔ ወር መድረኩ ላይ በሐሰት ስም ገብቼ ዱንያ የምትባል የሃያ ዓመት ልጅ ሆንኩ። የሱቦቲጻ ልጅ፣ የእርሻ ተማሪ። ለሬልያ እንዲህ ብዬ ጻፍኩለት። «ጤና ይስጥልኝ። የሟች አያቴን ቤት ሳጸዳ እነዚህን ንድፎች አገኘሁ። ያጎቴ ልጅ ኮምፒውተር ላይ ሠርቷት ወደ ጀርመን ሄደ። እኔ ስለ መኪና ምንም አላውቅም። ይህች ነገር ትረባለች?»

በሩብ ሰዓት ውስጥ መለሰ። «እንዲያው ደህና ናት። ብዙ ይቀራታል። ሁሉንም ላኪልኝና እስቲ አያታለሁ። ግን ለማንም እንዳታሳዪ፣ የኔ እህት። ሌባ በዝቷል።»

«ሌባ በዝቷል» የሚለውን ሳነብ ቀለም መርጫዬን አስቀምጬ ግድግዳ ተደግፌ ሳቅሁ። ቪቶሚር የቀለም ሽታ አናቴ ላይ የወጣ መስሎት መስኮት ከፈተልኝ።

ዘጠኝ ቀን ቆየ። በአሥረኛው ሼቫ በሬልያ ስም ወጣች። ከታሪኳ ጋር እርግጥ ነው። አያቱ ነድተዋታል፣ ስትሰባበር አልቅሰዋል፣ ንድፉን ፍራሽ ሥር ደብቀው ለልጅ ልጃቸው አውርሰዋል። ዱንያ ስትጽፍለት መልስ የለም፤ ዘግቷታል። መኪናዋን ግን ዓለም ወደዳት። በነሐሴ የከተማችን የአሮጌ መኪና ወዳጆች ማኅበር፣ በመስከረም በሚደረገው ዓመታዊ ስብሰባ ላይ ሼቫን በትልቅ መጋረጃ እንዲያሳይ ሬልያን ጋበዘ። አንድ የጨዋታ ኩባንያም ሊቀጥረው እያነጋገረው እንደሆነ ራሱ በኩራት ጻፈ።

«በቃ አሁን ተናገሪ» አለኝ ቪቶሚር።

«ገና ነው። ከፍ ይበል።»

«ለምን?»

«ከአግዳሚ ወንበር ላይ የወደቀ ሰው አይጎዳማ።»

«አንቺ ሴትዮ፣ ዓይንሽ አስፈራኝ» አለና ወደ መዶሻው ሄደ።

የስብሰባው ቀን እሁድ ነበር። በአሮጌው የብረት ማቅለጫ ግቢ ውስጥ ሰማንያ የሚሆኑ መኪኖች ተሰልፈዋል። የሚጠበስ ቃሪያና ሥጋ ጭሱ ግቢውን ሞልቶታል፤ አራት መቶ ሰው ይሆናል። የፊቱ ረድፍ ወንበር ለፋብሪካው ጡረተኞች ተትቷል። ቺካ ስቬቶዛር መሀላቸው ተቀምጧል፣ ባርኔጣውን እስከ ቅንድቡ አውርዶ። እኔ ከኋላቸው ተቀመጥኩ። ከጎኔ አንድ ረጅም ሽማግሌ ነበር፤ ንጹሕ ሸሚዝ ለብሷል፣ እስከ አንገቱ ቆልፎታል። መጋረጃው ላይ የሼቫ ሥዕል ሲወጣ ክንዴን ያዘኝ።

«አየሻት? አየኋት ብዬ ስንት ዓመት ስናገር! ሚላዲን እባላለሁ፣ ሁለተኛው በር ላይ ጥበቃ ነበርኩ። ዝናብ ነበር። ሁለት ሰዎች ሸራ አልብሰው ሲያስወጧት ነፋሱ ገለጣት። ቀይ ነበረች ያን ጊዜ። ልጆቼ አላመኑኝም፤ ‹አባባ መጃጀት ጀመረ› አሉኝ።» ዓይኑ እንባ አቅርሮ ነበር። «ይኸው አለች። እግዚአብሔር ይስጠው ልጁን።»

ያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። «ተነሡ፣ እንውጣ» ማለት ነበረብኝ። ግን ሬልያ መድረኩ ላይ እየወጣ ነበር፤ እኔም ከእሱ በቀር ማንንም ማየት አልቻልኩም።

ቀጭን ልጅ ነው። ሸሚዙ የተተኮሰ፣ ፈገግታው ዓይናፋር። ክፉ አይመስልም፤ ይኼ ይበልጥ አናደደኝ። የጨዋታ መቀመጫው ላይ ወጣ፣ መሪውን ያዘ፣ ሼቫን በትልቁ መጋረጃ ላይ በከተማችን ጎዳናዎች ነዳት። ጎዳናዎቹም፣ እርጥቡ አስፋልትም የእኔ ሥራ ናቸው። ሕዝቡ አጨበጨበ። ከዚያ «ጥያቄ ያለው?» ተባለ፤ ቺካ ስቬቶዛር እጁን እንደ ተማሪ አወጣ።

«ልጄ፣ አስደስተኸናል። አንድ ነገር ብጠይቅ ይፈቀድልኛል?»

«ይጠይቁኝ፣ አባቴ።»

«አያትህ የትኛው ክፍል ነበሩ?»

«ፍተሻ ክፍል።»

«ፍተሻ! ንድፉ ላይ ከፈረመው ከኢንጂነር ስቬቶዛር ጋር ነበሩ ማለት ነው።»

«የልብ ወዳጆች ነበሩ» አለ ሬልያ። «እንደ ወንድማማች። አያቴ ቀብራቸው ላይ ሬሳ ከተሸከሙት አንዱ ነበሩ።»

«የማንን ሬሳ?»

«የኢንጂነር ስቬቶዛርን።»

«አይ ጊዜ! ለመሆኑ ቀብሩ ላይ ሰው ነበረ?»

«ከተማው ግልብጥ ብሎ ነው የወጣው ይሉ ነበር።»

ቺካ ስቬቶዛር ባርኔጣውን አወለቀ። «ደስ አለኝ» አለ። «እኔማ ሰው የሚመጣልኝ አይመስለኝም ነበር።»

ከዚያ የፊቱ ረድፍ ፈነዳ። ሽማግሌዎቹ ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ። «ስቬቶ፣ መቼ ሞትክ? ሳትነግረን!» ይላል አንዱ። «ሬሳው ቡናውን ጨርሶ ነው የመጣው!» ይላል ሌላው። ሬልያ ማይክራፎኑን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው ያዛውራል።

«ምናልባት ሌላ ስቬቶዛር…»

«ሌላ አልነበረም። እስቲ መኪናዋን ገልብጣትና ሆዷን አሳየን።»

ሬልያ አልነካም፤ ጨዋታውን የሚቆጣጠረው የማኅበሩ ልጅ ግን ገለበጣት። ቺካ ስቬቶዛር በምርኩዙ ጠቆመ። ከመሀል አንድ መካኒክ «ሰርባቶዮው ማርሚታ ላይ ተኝቷል እኮ!» ብሎ ጮኸ።

«ይህች መኪና ብትኖር ኖሮ» አለ ቺካ ስቬቶዛር፣ «ገና ከሁለተኛው በር ሳትወጣ ነድዳ አመድ ትሆን ነበር። የለችም፣ ወገኖቼ። ኖራም አታውቅም። እኔ ነኝ ወጥ ቤቴ ውስጥ ሻይ አፍስሼ የነደፍኳት፣ ሌባ እንድትይዝልኝ።»

ከጎኔ ሚላዲን ክንዴን ለቀቀ። ተሰማኝ። አልዞርኩም። ተነሥቼ ወደ መድረኩ ወጣሁ፤ ቪቶሚር ስልኬን ከድምፅ ማጉያው ጋር አያያዘልኝ።

«ዱንያ ነኝ» አልኩት ሬልያን። ሲያፈጥብኝ «ሴንካም ነኝ» አልኩት። ድምፄን ሲለይ ደሙ ከፊቱ ሲወርድ አየሁ፤ አምስት ዓመት የሰማው ድምፅ ነው። ከዚያ አስጀመርኩት።

አባቴ ግቢው መሀል ሳለ። ሁለት ጊዜ አጭር፣ አንድ ጊዜ ረጅም። ቀጥሎም፦ «ሴንካ፣ መቅረጽ ጀመረ እንዴ?»

«ጀምሯል፣ አባዬ።»

«እንግዲያው ይቺን ሳሌን ቆርጠሽ አውጪያት። ለሰው እንዳትሰማ፣ ታሳፍራለች።»

ይህችን የመጨረሻዋን ቃል ረስቻት ነበር። ወይም ልረሳት ፈልጌ ነበር። አራት መቶ ሰው ፊት፣ በትልቅ ድምፅ ማጉያ፣ አባቴ አታሰሚብኝ ያለኝን አሰማሁበት። ከፊት ረድፍ አንዱ «ሚሎዬ ነው! የበር ክፍሉ ሚሎዬ!» ብሎ ተነሣ። ሌሎቹም ባርኔጣቸውን አወለቁ።

«ሴንካ…» አለ ሬልያ ቀስ ብሎ። «እባክሽ።»

«ሰው ታሪክ ይወዳል ብለኸኝ አልነበር? እንካ ታሪክ።»

ከመድረኩ ወረደ። የሚወጣበት በር በግቢው ሌላ ጫፍ ነው፤ በተሰለፉት መኪኖች መሀል ማለፍ ነበረበት። አንዱ ወጣት፣ ስልኩን ደግኖ እየቀረጸ፣ ሳለበት። ሌላው ተቀበለው። ሴቶቹ ሳሉ፣ ሥጋ ጠባሹ ሳለ፣ ሕፃናት እየሳቁ ሳሉ። ግቢው በሙሉ እየሳለ እስከ በሩ ሸኘው። አንዴ ተደናቀፈ፤ የአንዲት ቀይ ፊያት ስፖኪዮ ያዘና ቀና አለ። ጣፈጠኝ። ምን እዋሻችኋለሁ፤ ማር ማር አለኝ።

ስመለስ ሚላዲን ወንበሩ ላይ አልነበረም።

ቪዲዮው ዓለምን ዞረ። ሬልያ ምንም ይጻፍ፣ ከሥሩ «ኡህ፣ ኡህ» ብቻ ነው የሚሉት። የጨዋታ ኩባንያው ሐሳቡን ለወጠ። በጥቅምት ገጾቹን ሁሉ አጥፍቶ ጠፋ። በኅዳር ረጅም ደብዳቤ ጻፈልኝ። ሰፈሩ ውስጥ ልጆች ሲያልፍ እንደሚስሉበት፣ እናቱ ዳቦ ልትገዛ ስትሄድ እንኳ እንደሳሉባት፣ እኔን በእውነት እንደ እህት ይወደኝ እንደነበር፣ አባቴ የሞተ ቀን ያለቀሰው የምሩን እንደነበር ጻፈ። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። «ደርሶኛል» ብዬ መለስኩና ሥራዬን ቀጠልኩ።

«በቃው፣ ይቅር በይው» ይለኛል ቪቶሚር።

«የእናቱ ነገር አሳዝኖኛል። የእሱ ገና ነው» እለዋለሁ። ዛሬም ብትጠይቁኝ ያው ነው መልሴ።

የአባቴን መኪና በአባቴና በእኔ ስም እንደገና ለቀቅኳት። ሳሉን ቆርጬ አወጣሁት። ሰዎች «ሳሉ የት ሄደ? መልሺልን» ብለው ጻፉ። አልመለስኩላቸውም።

ሚላዲን ግን ከሆዴ አልወጣ አለ። ቺካ ስቬቶዛር ቤቱን ጠቆመኝ፤ እሱ ራሱ ግን አብሮኝ ለመሄድ ፈራ። በታኅሣሥ አንድ ቅዳሜ ኮምፒውተሬንና የጨዋታውን መሪ ጭኜ ሄድኩ። ከከተማው ጫፍ ላይ ያለ፣ ትልቅ የብረት የግቢ በር ያለው ቤት ነው። እንደ ወጉ አንድ ማንኪያ የቼሪ ማርማላታና አንድ ብርጭቆ ቀዝቃዛ ውኃ አቀረበልኝና ፊት ለፊቴ ተቀመጠ።

«አንቺ ነሽ አሉ የሠራሻት።»

«እኔ ነኝ። ለሌባው ወጥመድ ነበረች። እርስዎን አላሰብኩም፤ ይቅርታ ልጠይቅዎት ነው የመጣሁት።»

«አላሰብሽም» አለ። ቁጣ አልነበረበትም። «አጠገብሽ ተቀምጬ ነግሬሽ አልነበረም? በጆሮሽ?»

ኮምፒውተሩን ከፈትኩና ሼቫን አወጣኋት። «መንዳት ይችላሉ። መሪም ይዣለሁ።»

መነጽሩን አድርጎ ብዙ አያት። ጣቱን ወደ አፍንጫዋ አስጠጋ፣ ሳይነካት መለሰው።

«ሰማያዊ ናት» አለ።

«ቀይ ላድርግልዎት? አንድ ደቂቃ አይፈጅብኝም። ቀቢ ነኝ እኮ።»

«አይ፣ ልጄ።» መነጽሩን አውልቆ አጠፈው። «የልጅ ልጆቼ እሁድ ሲመጡ ‹አያቴ፣ ዛሬስ ምን መኪና አየህ?› ይሉኛል። ይስቃሉ። ይሳቁ። እኔ ያየሁትን አይቻለሁ፤ ምን እንደነበረች አላውቅም፣ ግን ያቺ ይህች አይደለችም። አጥፊው ይሄን። ውኃሽን ጠጪ።»

አጠፋሁት። ውኃውን ጠጣሁ። ስወጣ ቀድሞኝ ወጣና የብረቱን በር በሁለት እጁ ጎትቶ ከፈተልኝ። በረዶ ጀምሮ ነበር። አንድ እጁን ዘርግቶ፣ ቀጥ ብሎ ቆሞ መንገዱን ግራና ቀኝ አየልኝ፤ ነጻ መሆኑን በእጁ አሳየኝ። መኪናዬ ስታልፍ ወደ እኔ አላየም። በሩን ዘጋና ወደ ውስጥ ገባ።